ኪኒን ዋጩ ሌላ፣ ጠበል ወራጁ ሌላ

«ሱስ» እና «ሱሰኛ» የሚባሉት ሁለት ቃላት በሰዋስው መጽሐፍ ወላጅና ልጅ ናቸው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ሱስ የኛው ነው። «ሱሴ ተነሳ» እንላለን፣ ማኪያቶ ለማዘዝ እጃችንን እያወጣን፣ ፈገግ ብለን። የኳስ ሱስ አለብን፣ የስልክ ሱስ አለብን፣ የተከታታይ ድራማ ሱስ አለብን፤ ስናወራውም ትንሽ እንኮራበታለን። ሱሰኛ ግን ምንጊዜም ሌላ ሰው ነው። ድልድይ ስር ይኖራል። ጸጉሩ ተንጨባሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ዕድሜው ከሃያ እስከ ሠላሳ ነው፣ ጾታው ወንድ ነው። መታወቂያ ላውጣ ቢል ፎቶ ቤት መሄድ አያስፈልገውም፤ ጉርድ ፎቶው በሁላችንም ልብ ውስጥ ተሰቅሏል።

እኔ ዘንድማ በትልቁ ነበር የተሰቀለው።

ሠላሳ ዓመት ገደማ ልደታ ፍርድ ቤት ማዶ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መጀመሪያ በታይፕ ኋላም በኮምፒውተር፣ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ፍርድ ቤት አጠገብ ብዙ የቆየ ሰው ደግሞ ማንም ሳይሾመው ዳኛ ይሆናል። እኛ ሰፈር ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ እንኳ ዋጋ ሲከራከሯት «ይግባኝ በሉ!» ነው የምትለው። እኔ ከሷም የባስኩ ነበርኩ። ሰው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ፊቱን ብቻ አይቼ ከሳሽ ይሁን ተከሳሽ እለያለሁ እል ነበር። «እል ነበር» ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ ትባላለች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቷታል። ጠባይዋን ለማወቅ ቤቷን ማየት ይበቃል። የመብራት ወረቀቱ በፋይል፣ የክርስትና ካርዱ በፋይል፣ በርበሬና ሽሮው ሳይቀር ጣሳቸው ላይ ስምና የተፈጨበት ቀን ተለጥፎባቸዋል። ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ ከአንድ ልጇ ከናሆም ጋር እኛው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እኔ እዚያው ብሎክ ሁለተኛው ላይ ነኝ።

ናሆም ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በምህንድስና ተመርቆ ሰንጋ ተራ ከሚገነቡት ፎቆች በአንዱ ላይ ይሠራል። ሥራውን ያከብራል፣ እናቱን ይወዳል፣ ዕቃ ተሸክሞ አራት ፎቅ ሲወጣ አያማርርም። ጥፋቱ ጸጉሩ ነበር። ትከሻው ላይ የሚያርፍ፣ አንድ በአንድ የተጎነጎነ፣ አምስት ዓመት ያሳደገው ጸጉር። ጆሮው ላይ ደግሞ ማዳመጫ አይጠፋም፤ ለኔ ሰላምታ ሲሰጥ አንዱን ጆሮ ብቻ ነው የሚገልጥልኝ። ከላይ ያልኳችሁን ጉርድ ፎቶ አስታውሱ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በክረምት ውሃ ጠፍቶ እትዬ ብርቄ ጀሪካን ይዛ ደረጃ ስትወርድ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ስቃዩ ግድግዳ የሚያስቧጥጥ ስለነበር ትራማዶል የሚባል ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ታዘዘላት። ሐኪሙ አልተሳሳተም፣ መድኃኒቱም አልዋሸም፤ ሕመሟን በእውነት አስታገሰላት። ከወራት በኋላ ያለ ምርኩዝ ቆማ ስትሄድ ዘመድ ተሰብስቦ እልል አለ። ጉዳዩ ተዘጋ አልን። እሷ ግን ፋይሉን አልዘጋችውም ነበር፤ ማንም የማያይበት መደርደሪያ ላይ ነው ያኖረችው።

አንድ እሁድ ጠዋት የሷ መታጠቢያ ቤት እያፈሰሰ ታች ያሉት ጎረቤቶች ጮኹ። እሷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። መለዋወጫ ቁልፍ ስላለኝ ገብቼ የውሃ በርሜሉን ፈቀቅ አደረግሁት። ከጀርባው ጥቁር ፌስታል ወደቀ። ውስጡ ባዶ የኪኒን እሽጎች፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ በላስቲክ ታስረው። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም፤ ሙሉ ቢሆኑ ለአንድ የቀበሌ ጤና ጣቢያ ወር ያደርሱ ነበር። በላስቲክ በአሥር በአሥር የተጠረዙ መሆናቸውን አየሁ። እንዲህ የሚጠርዝ ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት የማመልከቻ ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን አልገመትኩም።

ወዲያው እትዬ ብርቄ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች። ፌስታሉን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። የእናት ድንጋጤ ነው አልኩ በልቤ። ናሆም ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ፌስታሉን አየ፣ እናቱን አየ፣ ማዳመጫውን ከሁለቱም ጆሮዎቹ አወለቀ።

«የኔ ነው» አለ።

በሠላሳ ዓመት ሙያዬ ሳይጠየቅ ያመነ ተከሳሽ ገጥሞኝ አያውቅም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው እንኳ ቢያንስ «ጓደኛዬ አስቀምጥልኝ ብሎ ነው» ይላል። በዚያች ሰዓት ነገሩ ሊሸተኝ ይገባ ነበር። የሸተተኝ ግን ድል ብቻ ነው፤ ስለ ጸጉሩ ዓመታት ሙሉ የጠረጠርኩት ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ!

ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ችሎት ተቀመጠ። እንደ ልማዴ ቅጠሌን ይዤ ነው የተሰየምኩት። ጉንጬን ወጥሬ ስለ ቆራጥነት አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። «ሰው ማለት እምቢ ማለት የሚችል ፍጡር ነው» አልኩ፣ ሌላ ቀንበጥ እየቀነጠስኩ። «ይሄ የፍላጎት ጉዳይ ነው። ሰው ከፈለገ ዛሬ፣ አሁን፣ ቁርጥ አድርጎ ይተወዋል!» ናሆም ምንጣፉን እያየ ይሰማል። ፍርዱን ሰጠሁ፤ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ከከተማ ወጣ ብሎ ጠበል ይገባል፤ እስኪነጻ አንድ ወር ይቆያል።

 እትዬ ብርቄ የተናገረችው ልንነሳ ስንል ብቻ ነው።

«ጸጉሩንም ይቆረጥ» አለች።

ናሆም ቀና ብሎ አያት። ረጅም ጊዜ ነው ያያት። ያን ጊዜ እፍረት መስሎኝ ነበር።

«እሺ እማዬ» አለ።

ልጁ ሄደ። የቤቱ ሱሰኛ ስለሄደ ቤቱ ይሻለዋል ብለን ጠበቅን። ባሰበት። እትዬ ብርቄ እየከሳች፣ እያላባት፣ ክንዷን እስኪደማ እያከከች ሄደች። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ጉርሻዋን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ደግሞ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መዝገብ ከቦታው ውጪ አስቀምጣ ግማሽ ቀን ተፈለገ። «የልጅ ነገር አንጀቷን እየበላው ነው» እያልኩ ለመጣው ሁሉ አስረዳለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ኮቷን ልሰቅል ሳነሳ ከኪሱ ባዶ የኪኒን እሽግ ዱብ አለ።

እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ይነቃል። እኔም ነቃሁ፤ ናሆም ተባባሪ አለው ማለት ነው አልኩ! ወጥቼ የብሎኩን ዘበኛ ያዝኩት። ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል፣ ለዚያ ልጅ ዕቃ የሚያቀብለው ማነው፣ ብዬ ግማሽ ሰዓት አፋጠጥኩት። ምስኪኑ ሰውዬ «ጋሼ፣ ልጁ እኮ ጠበል ነው ያለው» አለኝ። «እሱን አውቃለሁ! እኔ ነኝ የላክሁት!» አልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከላይ ጩኸት ሰማሁ። የሺ ናት፤ የእትዬ ብርቄ የበር ጎረቤት። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ወድቃለች። ጥርሷ ገጥሟል፣ አፏ አረፋ ደፍቋል፣ እግሮቿ ሲሚንቶውን ይደበድባሉ። የሺ ክብሪት እየጫረች አፍንጫዋ ሥር ታጨሳለች። ሌላዋ ጎረቤት መዳፏን ፈልቅቃ ቁልፍ ለማስያዝ ትታገላለች። እኔ የተማርኩት ሰውዬ አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቷ ላይ ቸለስኩባት። በኋላ ሐኪሟ ሦስታችንንም አንድ ላይ ገሠጸችን፤ ማድረግ የነበረብን በጎኗ ማስተኛት፣ ጭንቅላቷን ከሲሚንቶው መጠበቅና ቶሎ ሐኪም ቤት ማድረስ ብቻ ነበር። በብርድ ልብስ አድርገን አራቱን ፎቅ አወረድናት። በየደረጃው መታጠፊያ ላይ ጭንቅላቷ ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁና፣ ትሞትብኛለች አልኩ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ዶክተር ሰላም ትባላለች።

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የደም ግፊት ብቻ።»

«የህመም ማስታገሻስ? የእንቅልፍ?»

«እሷ?» አልኩ፣ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። «ዶክተር፣ እሷ እኮ ሻይ እንኳ ወፍራም አትጠጣም!»

ከዚያ ለናሆም ደወልኩ። እናትህ ወድቃለች፣ አንቀጠቀጣት፣ ቶሎ ና አልኩት።  ከዚያ የተናገረውን እስከ ዛሬ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

«ጋሼ፣ ለሐኪሙ ትራማዶል ነው ብለው ይንገሩት። ብዙ ነው ይበሉት። ከአንድ ዓመት በላይ ነው ይበሉት። አሁኑኑ፣ ስልኩን ሳይዘጉ።»

«የማን ትራማዶል?» አልኩት። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ የማን ብዬ ጠየቅሁት!

«የእማዬ» አለ።

ለሐኪሟ ነገርኳት። ዶክተር ሰላም አልደነገጠችም፤ መድኃኒቱ ሲበዛ እንዲህ የሚጥል መሆኑን ነግራኝ እየሮጠች ገባች። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ስልኬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ለማሰብ ሞከርኩ፤ የታየኝ ያ ሁሉ ንግግሬ ብቻ ነበር።

ናሆም ከሰዓት ደረሰ። ጸጉሩ የለም። ራሱ እንደ ሕፃን ራስ ክብ ሆኖ፣ ጆሮዎቹ ወጥተው፣ ዓይኖቹ ተልቀው፣ የሌላ ሰው ልጅ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ ያውቅ እንደነበር እዚያው አግዳሚ ላይ ነገረኝ። አንድ ቀን ስትውጥ ደርሶባት ተንበርክካ ለምናዋለች፤ መሥሪያ ቤት ከሰሙ በቁሜ ሞትኩ ብላ። ሦስት ጊዜ ልታቆም ሞክራለች፤ እየተንቀጠቀጠች፣ እያስመለሳት፣ «አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን ገባ» እያለች፣ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሳበታለች። አብነትና ሰንጋ ተራ ያሉትን ፋርማሲዎች በተራ ትሄድባቸዋለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አሮጌ ማዘዣ ይዛ። «እናቴ» እያሉ ነው የሚሸጡላት። እሱ ቢሄድ ተባርሮ ይወጣል፤ ጸጉሩ!

«ታዲያ ለምን የኔ ነው አልክ?» አልኩት።

«ፊቷን አላዩትም እንዴ ጋሼ?» አለኝ።

አይቼው ነበር። አንብቤውም ነበር። የተሳሳትኩት ትርጉሙን ነው።

እትዬ ብርቄ ነቅታ ልጇን ስታይ መጀመሪያ አላወቀችውም። ከዚያ እጇን ዘርግታ የተላጨ ራሱን ዳሰሰች፤ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ፣ ቀስ ብላ፣ የጠፋ ነገር እንደምትፈልግ።   እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ትምህርት ያገኘ ሰው ብልህ ይሆናል ብላችሁ ከሆነ አታውቁኝም። በሳምንቱ ዶክተር ሰላም ሦስታችንን ስትጠራን ዕቅዴን ይዤ ነበር የገባሁት። «ያለውን ኪኒን ሁሉ ጠራርገን እንጥላለን፣ በሩን እንቆልፍባታለን፣ በአንድ ሳምንት ይለቃታል» አልኳት።

«እንደሱ በድንገት ቢቆረጥባቸው ስቃዩ ተመልሶ ወደ ፋርማሲው ነው የሚነዳቸው፤ አደጋም አለው» አለች። ከዚያ አንድ የተጣለ የላቦራቶሪ ወረቀት ገልብጣ ድንች የመሰለ ነገር ሣለች። አንጎል ነው አለች። ካለች ይሁን ብለን ተቀበልናት።

«እዚህ መሐል ላይ፣ ጥሩ ነገር ሲገጥመን "ይቺን ያዛት፣ ነገም ድገማት" የሚል መንገድ አለ። ርቦን ስንበላ፣ ልጅ ሲስመን፣ ሰው ሲያመሰግነን፣ እዚያ መንገድ ላይ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ጠብ ይላል። ጠብታ ነው። ኪኒኑ ግን ጎርፍ ነው የሚለቅበት። አንጎል ደግሞ ጎርፍ አይችልም፤ ራሱን ለማዳን በሮቹን ይዘጋል። ስለዚህ ትናንት በአንድ የተገኘው ዛሬ በሁለትም አይገኝም። ክፋቱ፣ በሮቹ የሚዘጉት ለጎርፉ ብቻ አይደለም። ለጠብታውም ነው። ምግቡ አይጥምም። የልጅ ሳቅ አይሞቅም። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚውጠው ሊደሰት አይደለም፤ እንደ ሰው ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ነው።»

እትዬ ብርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ቀና አደረገች። «ልክ ነው» አለች፤ የጠፋባት መዝገብ የተገኘላት ይመስል።

ዶክተሯ ድንቹን ከፊት በኩል አጠቆረችው። «ይሄ ከግንባር ጀርባ ያለው ፍሬን ነው። "ቆይ እስቲ፣ ነገስ? ልጄስ?" የሚለው። ሱስ ሲቆይ ይሄ ፍሬን ይላላል። ትዝታው ደግሞ አይላላም፤ ካቆሙ ከወራት በኋላም የፋርማሲ አረንጓዴ መስቀል ሲያዩ መንገዱ ይበራል።»

እኔ ያኔ አንድ ሚኒባስ ታየኝ። ፍሬኑ የላላ፣ ሙሉ ሰው የጫነ፣ ቁልቁለት የሚወርድ። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ለሹፌሩ ስለ ቆራጥነት አስተምራለሁ።

«አንድ መርፌ የለውም?» አልኩ።

«አንድ መርፌ ቢኖረው እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ድንች አልስልም ነበር» አለች። ለካ እሷም ታውቃለች። ከዚያ ያለውን ነገረችን። መድኃኒቱ እዚያው ሆስፒታል፣ በክትትል፣ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። የዳሌዋ ሕመም በሌላ መንገድ ይታከማል። ለአንዳንድ ሱሶች አምሮቱን የሚያበርዱ ወይም ቦታውን የሚተኩ መድኃኒቶች አሉ፤ ሁሉም ግን እኛ ጋ አይገኙም፣ ለሁሉም ሰውም አይሆኑም። የምክር አገልግሎት አለ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ የታማሚዎች የጋራ ውይይት አለ። የባሏ ሐዘንም፣ ለማንም ያልተነገረው፣ አብሮ ይታያል። «እንደ ደም ግፊትዎ ነው የሚያዘው» አለቻት። «ይጠበቃል። አንዳንዴ ያመልጣል። እንደገና ይያዛል።»

«ጠበሉስ?» አለች እትዬ ብርቄ፣ ፈራ ተባ እያለች።

«ይሂዱ እንጂ፤ ጉልበት የሚሆንዎት ነገር ነው። መድኃኒትዎን ግን ሳያቋርጡ።»

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ የሚጠቀሙት ነገር አለ?»

«እኔ? የለም።» ናሆም ሳል ያዘው። «ማለቴ… ቅጠል ነገር። አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎ ሲሉ፣ የሚያልፉት የትኞቹ ቀናት ናቸው?»

አሰብኩ። «ጠዋት ጠዋት» አልኩ።

ልንወጣ ስንል እትዬ ብርቄ ቆመች። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጄን በሐሰት ያስፈረድኩበት እኔ ነኝ ወይስ አንጎሌ?»

«ዳሌዎ የተሰበረው ፈቅደው ነው?»

«አይደለም።»

«መራመድ የተለማመደውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንደሱ ይዩት።»

 «ጸጉሩን ይቆረጥ ያልኩት ግን በዳሌዬ አይደለም» አለች እትዬ ብርቄ። «ያን ጊዜ በሐሳቤ የነበረው ከታወቀብኝ ነገ ጠዋት ከየት አገኛለሁ የሚል ብቻ ነው። ልጄ ፊቴ ተቀምጦ፣ አላየሁትም።»  ናሆም ነው እናቱን በክንዷ ደግፎ ያወጣት።

መቀነሱ ወራት ፈጀ። የሆስፒታሉን ሳምንታት አልነግራችሁም፤ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ እያዛጋች፣ ሆዷ አልያዝ ብሎ፣ እግሯን የምታሳርፍበት እያጣች። ቤት ከገባች በኋላ ናሆም የዕለቷን መድኃኒት ይዞ ይሰጣታል፤ እሷም ተቀብላ ደብተር ላይ ትፈርማለች። አስፈርመኝ ያለችው ራሷ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ድልድይ ስር ናቸው ካልኳቸው ልጆች ጋር ክብ ሠርታ ትቀመጣለች። የመጀመሪያውን ቀን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ነበር አሉ። በወሩ ዘግይቶ የሚመጣውን ሁሉ ስሙን እየጠራች ትቆጣ ጀመር። «ማዘር» ይሏታል። አንዱ እንዲያውም ከዶክተሯ ይልቅ የሚፈራው እሷን እንደሆነ ነግሮኛል።

በአራተኛው ወር አመለጣት። ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ አብነት ላይ ያንን አረንጓዴ መስቀል አይታ፣ እግሯ ይዟት ገብቶ፣ ገዝታ፣ ልደታ ማርያም ግቢ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት ዋጠች። ከዚያ ለናሆም ደወለች። እኔ ስሰማ ጭንቅላቴን ይዤ «አለቀ! ሁሉም ከንቱ!» አልኩ። ዶክተር ሰላም ግን ስንነግራት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን ነው የደወለው?»

«እሷ ናት።»

«ከዋጡ በኋላ ስንት ሰዓት ቆይተው?»

«ወዲያው» አለ ናሆም።

«ፍሬኑ እየያዘ ነው» አለች።

ይቅርታ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ወንድማማች በጽሑፍ ያስታረቅሁ ሰው፣ ለአንድ ልጅ ሦስት ቀን ቃል ፈልጌ አጣሁ። በመጨረሻ ደረጃው ላይ አገኘሁትና «ናሆም፣ ያ ነገር…» ብዬ ቆምኩ።

ማዳመጫውን አወለቀ፤ ሁለቱንም። ሣቀ።

«ይተዉት ጋሼ። ጠበሉ ለኔም ጠቅሞኛል።»

«ምን ሆነህ?»

«ሲጋራ አጨስ ነበር። ስድስት ዓመት። እዚያ ሆኜ ነው ያቆምኩት።»

ስድስት ዓመት! ጸጉሩን አምስት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ፣ ሲጋራው በአፍንጫዬ ሥር አልፏል። የፈረድኩበትን አላደረገም፣ ያደረገውን አልፈረድኩም፤ ቅጣቱ ግን ሠርቷል። ይህን ይግባኝ ሰሚ ችሎት እንኳ አይፈታውም።

በቅርቡ የብሎካችን የሴቶች እድር ስብሰባ ነበረው፤ ኋላ እንደነገሩኝ ነው የማወራው። እትዬ ብርቄ ጸሐፊ ናት፤ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ማዶ ብሎክ የሚኖር አንድ ጎረምሳ በሱስ ምክንያት እናቱን ሲያንገላታ ሰንብቶ ነበርና ወሬው ተነሳ። የሺ ከሁሉም በላይ ጮኸች። «ሱሰኛ ያለበት ቤት ከእድራችን ይውጣልን! ነገ ለልጆቻችን ነው የሚተርፈው!» አጨበጨቡላት። እትዬ ብርቄ ጽፋ ጨረሰች፣ ነጥቡን አደረገች፣ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«እንግዲያው ከኔ ጀምሩ» አለች። «ባለፈው ኮሪደር ላይ የወደቅሁት እንደተወራው ስኳር ኖሮብኝ አይደለም። ኪኒን ነው። የምውጠው እኔ ነበርኩ፤ ልጄ አልነበረም። እየታከምኩ ነው። ይሄንንም ልጻፈው?»

ጻፊው የሚል አልተገኘም። ስብሰባው ከወትሮው ቀድሞ ተበተነ። ከእንግዲህ ሰላም የሚላት አይኖርም ብዬ እኔ አዘንኩ።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ ከሥራ ስትመለስ የመጀመሪያዋ ጎረቤት አንኳኳች። ተቀምጣ ስለ አየሩ ካወራች በኋላ «አንዲት ዘመድ አለችኝ» አለች፤ ያቺ ዘመድ አረቄ ከጠዋት ነው የምትጀምረው፣ ምን ትመክሪያታለሽ? በሦስተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ መጣ፤ እሱም ዘመድ አለው። የእንቅልፍ ኪኒን ካልዋጠ የማይተኛ ዘመድ። ልደታ ይህን ያህል ዘመዳሞች የሚኖሩበት ሰፈር መሆኑን አላውቅም ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ የሺ መጣች። የክፍለ ሀገር ዘመድ አለችኝ አለች፣ እጇን እያፍተለተለች፤ ወገቧን ትታመማለች፣ ኪኒን ለምዳለች፣ ከቀረባት ታለቅሳለች። እትዬ ብርቄ ማን ናት ብላ አልጠየቀቻትም። «ማክሰኞ ይዘሻት ነይ» ብቻ አለቻት።

ማክሰኞ ዕለት እህቴን ያደረስኳት እኔ ነበርኩ። ውይይቱ ሊጀመር ሲል በሩ ላይ የሺ ታየች። ብቻዋን ናት፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ክብ የሠራው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ዘመዴ…» አለች፣ «ዛሬ አልተመቻትም።»

እትዬ ብርቄ ከጎኗ ያለውን ወንበር ቦርሳዋን አንስታ አስለቀቀችላት።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት። «አንቺ ስሚላት።»